ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ሁኔታን የሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮች — የኮምፒዩተር ማራገቢያ እንዴት ይታዘዛል?

ባለፈው ምዕራፍ ጊዜን የሚያመለክቱ ጥገኛ ዐረፍተ ነገሮችን ተምራችኋል። አሁን ደግሞ ሁኔታን ወደሚያመለክቱት እንሸጋገራለን። እነዚህም «ከሆነ»፣ «ቢሆን»፣ «ካልሆነ»፣ «እስኪሆን ድረስ» በሚሉ ቃላት ከዐቢዩ ዐረፍተ ነገር ጋር የሚያያዙ ናቸው። በየዕለቱ ስለምንናገራቸው ቀላል ይመስላሉ። ይሁን እንጂ በጽሑፍ ሲሰፍሩ ብዙ ጊዜ ጎደሎ ሆነው ይገኛሉ። ፊት ለፊት ያለ አድማጭ የጎደለውን ጠይቆ ይሞላዋል፤ ብቻውን የተቀመጠ አንባቢ ግን የሚጠይቀው ሰው የለውም።

ጎደሎ ዐረፍተ ነገር የሚያስከትለውን ጉዳት በግልጽ ለማየት እንዲያመች፣ ታዛዡ ሰው ሳይሆን መሣሪያ የሆነበትን ጉዳይ መርጠናል። መሣሪያ «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ምንባቡን በመጀመሪያ ለሐሳቡ ብላችሁ አንብቡት። ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡት ግን ሁኔታን በሚያመለክቱት ቃላት ሥር በእርሳስ እያሰመራችሁ እለፉ።

ሀ. ምንባብ

ብረት ቀጥቃጭ ማረሻ በሚያበጅበት ጊዜ ከጎኑ ወናፍ የሚነፋ ልጅ ይቀመጣል። አባት ዓይኑን ከብረቱ ላይ አይነቅልም። ብረቱ ገና እንደ ጠቆረ ከሆነ «ጨምር፣ ልጄ» ይላል። ቀልቶ ፍም ሲመስል ደግሞ «ቀስ አድርግ» ይላል። ልጁም «እሺ፣ አባዬ» እያለ ወናፉን እንደ ትእዛዙ ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። በዚህ ሥራ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ እነርሱም ሙቀቱን የሚመለከት ዓይን፣ ትእዛዝ የሚሰጥ አንደበትና ነፋሱን የሚሰድ ክንድ ናቸው።

በኮምፒዩተር ሣጥን ውስጥም እነዚሁ ሦስቱ አሉ። ልዩነቱ ወናፉ የሚነፋው ለማጋል ሲሆን የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ የሚነፋው ለማቀዝቀዝ መሆኑ ነው። ዓይኑ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሙቀት መለኪያ ነው። ክንዱ ብዙ ሰው «ፋን» እያለ የሚጠራው ማራገቢያ ነው። አንደበቱ ደግሞ ሶፍትዌር ነው፤ የዚህ ምንባብ ዋና ጉዳይም እርሱ ነው።

ፕሮሰሰር የኮምፒዩተሩን ስሌት የሚያከናውን ክፍል ነው። የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል በመጨረሻ ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የተለመደ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት 65 ዋት ያህል ሊወስድ ይችላል። ይህ የቀድሞው ባለ 60 ዋት አምፖል ይወስደው ከነበረው ይበልጣል፤ ሙቀቱ የሚወጣውም ከክብሪት ቀፎ በማይበልጥ ስፋት ላይ ነው። በፕሮሰሰሩ ላይ የተጫነ፣ ብዙ ክንፎች ያሉት ብረት ሙቀቱን ይስባል፤ ማራገቢያውም በክንፎቹ መካከል አየር እየሰደደ ያስወጣዋል። አየሩ ካልተንቀሳቀሰ ሙቀቱ ይከማቻል። የዛሬ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ሥራቸውን ያዘገያሉ፤ ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ኮምፒዩተሩ በድንገት ይጠፋል። ዕቃው ይተርፍ ይሆናል። ያልተቀመጠው ጽሑፍ ግን አይተርፍም። ለአንድ ኮምፒዩተር ብዙ ተማሪ ተራ በሚጠብቅበት ትምህርት ቤት፣ የጠፋውን ድርሰት እንደገና ለመጻፍ ሌላ ተራ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

«እንግዲያውስ ማራገቢያው ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ቢሽከረከር ምን አለ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ይቻላል፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። የማራገቢያ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የሚገፋው አየር በእጥፍ ይጨምራል፤ የሚወስደው ኃይል ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። በግልባጩ፣ ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀነስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ድምፁም 15 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ጸጥታ በሚፈለግበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። ከዚህም በላይ ብዙ አየር የሚስብ ማራገቢያ ብዙ አቧራ ይስባል፤ መሽከርከሪያውም ቶሎ ይበላል።

በጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ላይ በብዛት የሚገኘው ማራገቢያ አራት ሽቦዎች አሉት። ሁለቱ 12 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚያመጡና የሚመልሱ ናቸው። ሦስተኛው ወሬ ነጋሪ ነው፤ ማራገቢያው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ሁለት ምት ይልካል። ሶፍትዌሩ ምቱን በመቍጠር ፍጥነቱን ያውቃል። በአንድ ሴኮንድ 40 ምት ከደረሰው፣ ማራገቢያው በሴኮንድ 20 ዙር፣ በደቂቃ ደግሞ 1200 ዙር እየዞረ ነው ማለት ነው። አራተኛው ትእዛዝ አድራሽ ነው። በዚህ ሽቦ ላይ ትእዛዙ የሚተላለፈው የኤሌክትሪኩን ምልክት እጅግ በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት ነው። ምልክቱ የሚበራበት ጊዜ ሲረዝም ማራገቢያው ይፈጥናል፤ ሲያጥር ይዘገያል። ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ መሠረት ይህ ማብራትና ማጥፋት በሴኮንድ 25000 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። የሰው ጆሮ ከ20000 በላይ የሆነውን ድግግሞሽ ስለማይሰማ፣ ትእዛዙ ራሱ ጩኸት አይሆንም።

ሶፍትዌሩ ማራገቢያውን የሚያዝዘው በቁጥር ነው። ሊነክስ በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል፤ 255 «በሙሉ ኃይልህ ዙር» ማለት ነው። በዚሁ ሥርዓት ላይ «ፋንኮንትሮል» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም በተለመደው አሠራሩ በየ10 ሴኮንዱ ሙቀቱን ያነብባል፤ ባነበበው መሠረትም ትእዛዝ ይሰጣል። ዲግሪዎቹን የሚወስነው የኮምፒዩተሩ ኃላፊ ነው። ኃላፊው 40 እና 70 ዲግሪን ለወሰንነት መረጠ እንበል። ደንቡ በአማርኛ ቢጻፍ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ሙቀቱ 40 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማራገቢያውን አቁም። ሙቀቱ 70 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 255 ስጠው። በሁለቱ መካከል ከሆነ፣ ሙቀቱ በጨመረ መጠን ከ100 ተነሥተህ እስከ 255 ድረስ እያሳደግህ ስጠው።»

ሙቀቱ 55 ዲግሪ ሲሆን የሚሰጠው ቁጥር ስንት ነው? 55 በ40 እና በ70 መካከል እኩሌታ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩም በ100 እና በ255 መካከል እኩሌታ ላይ፣ ማለትም 177 ላይ ይውላል። ግማሹ ቁጥር ይጣላል።

የቆመን ማራገቢያ ማስነሣት የሚዞረውን ከማስቀጠል ይከብዳል፤ የተጫነ ጋሪ የጎተተ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሁለት ቁጥሮችን ለያይቶ ይይዛል፤ አንደኛው ማስነሻ ሲሆን ሁለተኛው ማራገቢያው ሳይቆም ሊዞርበት የሚችለው ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ማስነሻው 150፣ ዝቅተኛው 100 ይሁን። ማራገቢያው ቆሞ ከነበረ፣ ፕሮግራሙ በመጀመሪያ 150 ይሰጠዋል፤ አንድ ሴኮንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ተሰላው ቁጥር ይመልሰዋል። ቆሞ የነበረና እየዞረ ያለ ማራገቢያ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢታዘዙ፣ የቆመው እንደ ቆመ ሊቀር ይችል ነበር።

ሌላም ስውር ችግር አለ። አንድ ሰው ለቀላልነት ሲል እንዲህ ብሎ አዘዘ እንበል፦ «ሙቀቱ 60 ዲግሪ ከደረሰ ማራገቢያውን አስነሣ፤ ከ60 በታች ከሆነ አቁም።» ዐረፍተ ነገሩ ትክክል ይመስላል። ሙቀቱ 60 ሲደርስ ማራገቢያው ይነሣል። ጥቂት ሲያራግብ ሙቀቱ 59 ይሆናል፤ ማራገቢያው ይቆማል። ሲቆም ሙቀቱ ተመልሶ 60 ይሆናል፤ ማራገቢያው ይነሣል። እንዲህ ሲነሣና ሲቆም ይውላል። ጩኸቱ ከማያቋርጥ ዙር ይልቅ ያሰለቻል፤ መሣሪያውንም ያደክማል። መድኃኒቱ የማስነሻውንና የማቆሚያውን ወሰን መለያየት ነው፦ «ሙቀቱ 60 ዲግሪ ከደረሰ አስነሣ፤ ከነሣም በኋላ ሙቀቱ 52 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ አታቁም።» በ52 እና በ60 መካከል ያለው ስምንት ዲግሪ የዕረፍት ሜዳ ሆኖ ያገለግላል። በዚያ ሜዳ ውስጥ ማራገቢያው የሚያደርገው ነገር የሚወሰነው አሁን ባለው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ከየት እንደ መጣም ጭምር ነው።

አሁን ወደ አገራችን ከፍታ እንምጣ። ዓለም ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2280 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ በለሚ በኩል የመጣ ተሳፋሪ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ሲወጣ ጆሮው ይደፈናል፤ ምክንያቱም ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ነው። ጆሮ ያወቀውን ማራገቢያም ያውቀዋል። ከተማዋ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጀርመን አገር በባቫሪያ ከምትገኘው ከፋተርሽቴተን ጋር የወዳጅነት ግንኙነት አላት። የፋተርሽቴተን ከፍታ 530 ሜትር ያህል ነው። እዚያ በደቂቃ 1000 ዙር እንዲዞር የተስተካከለ ኮምፒዩተር ታሽጎ ወደ ዓለም ከተማ ቢመጣ፣ ማራገቢያው አሁንም 1000 ዙር ይዞራል። የሚገፋው አየር ይዞታም አይለወጥም። አየሩ ግን ስስ ነው፤ የአየሩ ሙቀት እኩል ከሆነ ክብደቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይጎድላል። ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው። ያንኑ ያህል ክብደት ያለው አየር ለመግፋት ማራገቢያው ወደ 1240 ዙር መድረስ ይኖርበታል።

የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለኮምፒዩተር ማዕከሎች ባወጣው መመሪያ ውስጥ፣ ለተለመዱት የመሣሪያ መደቦች የተደነገገው ይህንኑ ያረጋግጣል፦ ቦታው ከ900 ሜትር በላይ ከሆነ፣ ለክፍሉ አየር የተፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። በዓለም ከተማ ከፍታ ይህ አራት ዲግሪ ተኩል ያህል ይመጣል። ወደ መንዝ፣ ወደ መሐል ሜዳ ብትወጡ ደግሞ ከፍታው ከ3000 ሜትር ያልፋል። ብዙ አምራቾች ኮምፒዩተራቸው የሚሠራበትን የከፍታ ወሰን 3048 ሜትር፣ ማለትም 10000 ጫማ ብለው በመግለጫቸው ላይ ያሰፍራሉ። የመንዝ ሰው ግን «አገራችን ብርድ ነው፤ ማራገቢያ ምን ይሠራል?» ቢል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ቀዝቃዛ አየር ሙቀትን በተሻለ ሁኔታ ያወጣል። ብርዱ የሚሰጠውን የአየሩ መሳሳት በከፊል ይወስደዋል እንጂ ሁለቱ አይደማመሩም። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣን የዲግሪና የፍጥነት ሠንጠረዥ እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ፣ በቦታው ለክቶ ማስተካከል ይመረጣል።

ከከፍታው ይልቅ የሚያሳስበው አቧራ ነው። በመርሐ ቤቴ ገበሬ ምርቱን የሚያዘራው ነፋስ ሲነሣ ነው፤ ያው ነፋስ ብናኙን በመስኮት ያስገባዋል። አቧራው በብረቱ ክንፎች መካከል ሲጠቀጠቅ አየር ማለፊያ ያጣል። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ሳያውቅ ችግሩን ይሸፍነዋል። ሙቀቱ ብዙ እንዳይጨምር ፍጥነቱን ስለሚያሳድግ፣ ቴርሞሜትሩን ብቻ የሚያይ ሰው ከአምናው እምብዛም ያልራቀ ዲግሪ ያነብባል፤ ማራገቢያው ግን ከአምናው ይልቅ በፍጥነት ይዞራል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ካልተመዘገቡ ችግሩ የሚታወቀው ማራገቢያው የመጨረሻው ፍጥነት ላይ ደርሶ ሌላ የሚጨምረው ሲያጣ ነው።

ማራገቢያው ጨርሶ ቢነክስስ? ሶፍትዌሩ 255 ብሎ ያዝዛል፤ ሦስተኛው ሽቦ 0 ምት ይመልሳል። ወሬ ነጋሪውን ሽቦ የማያነብብ ፕሮግራም «አዝዣለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ማዘዝና መፈጸም ግን ሁለት ናቸው። የሙቀት መለኪያው መልስ ባይሰጥስ? «40 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ» የሚለውም «70 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ» የሚለውም አይሠራም፤ የሚነበብ ቁጥር የለምና። በጥንቃቄ የተጻፈ ፕሮግራም ለዚህም ዐረፍተ ነገር አለው፤ ፋንኮንትሮል ለምሳሌ በስሕተት ምክንያት ሥራውን ሲያቋርጥ ማራገቢያዎቹን ወደ ሙሉ ፍጥነት ለመመለስ ይሞክራል። ሙቀቱ ሳይታወቅ ከመቅረት ጩኸት ይሻላል የሚል ፍርድ በውስጡ አለ።

በብዙ ላፕቶፖች ላይ ማራገቢያውን የሚያዝዘው አምራቹ በውስጥ ያኖረው ፕሮግራም ስለሆነ ከውጭ የሚመጣን ትእዛዝ ላይቀበል ይችላል። ዊንዶውስ በተባለው ሥርዓት ለጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች «ስፒድፋን» እና «ፋን ኮንትሮል» የሚባሉ ፕሮግራሞች ይታወቃሉ። የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የጋራ ንብረት ነውና ያለ ኃላፊው ፈቃድ አትሞክሯቸው።

ለ. ሰዋስው

በምንባቡ ውስጥ ካሰመራችሁባቸው ቃላት ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

«ከደረሰ» በሚለው ቃል ውስጥ ግሡ «ደረሰ» ነው፤ ቅርጹ የኃላፊ ጊዜ ነው። ነገር ግን «ሙቀቱ 60 ዲግሪ ከደረሰ አስነሣ» ሲባል ሙቀቱ ገና አልደረሰም። እንግዲህ «ከ» የኃላፊ ግሥ ላይ ሲገባ ጊዜውን ወደ ፊት ይወስደዋል፤ ይህም ዐቢዩ ግሥ ከመፈጸሙ በፊት ጥገኛው መፈጸም እንዳለበት ያሳያል። መጀመሪያ ይድረስ፤ ከዚያ ይነሣ። «ሲደርስ» እና «ቢደርስ» ግን የተሠሩት «ይደርስ» ከሚለው የትንቢት ግሥ ነው። «ሲደርስ» የሚል ጸሐፊ መድረሱን አይጠራጠርም፤ የሚጠብቀው ጊዜውን ብቻ ነው። «ከደረሰ» የሚል ሊደርስም ላይደርስም እንደሚችል ያምናል። «ቢደርስ» የሚል ደግሞ ጥርጣሬው ይበልጣል ወይም ነገሩን በሐሳቡ ብቻ ያስቀምጠዋል። ስለ ፀሐይ መግባት «ስትገባ» እንላለን እንጂ «ከገባች» አንልም።

ከሁሉ ይልቅ ልትጠነቀቁለት የሚገባው «ም» ነው። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ፦

ሙቀቱ 70 ዲግሪ ቢደርስ ፍጥነቱን ጨምር።
ሙቀቱ 70 ዲግሪ ቢደርስም ፍጥነቱን አትጨምር።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጥገኛው ለዐቢዩ ምክንያት ነው። በሁለተኛው ዐቢዩ ጥገኛውን ከምንም አይቈጥረውም። «ም» በጥገኛው ግሥ ላይ ስትጨመር ሁኔታውን ከሁኔታነት ታወጣዋለች። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ በግድየለሽነት «ም» ቢጨምርና «ቢደርስም ፍጥነቱን ጨምር» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ጸሐፊው የተሳሳተው በጥገኛው ይሁን በዐቢዩ ሊያውቅ አይችልም።

«ኖሮ» ያለፈውንና ሊመለስ የማይችለውን ያመለክታል፦ «ማራገቢያው ዞሮ ቢሆን ኖሮ ኮምፒዩተሩ ባልጠፋ ነበር።» ይህ ዐረፍተ ነገር ሁለት እውነቶችን ሳይናገር ይነግረናል፤ ማራገቢያው አልዞረም፣ ኮምፒዩተሩም ጠፍቷል። ለትእዛዝ አይሆንም። የደረሰውን አደጋ መርምሮ ለሚጽፍ ሰው ግን ተገቢው ቅርጽ ይኸው ነው።

«እስኪወርድ ድረስ አታቁም» እና «እስካልወረደ ድረስ አታቁም» የሚሉት ለአንድ ትእዛዝ ያገለግላሉ። የመጀመሪያው ፍጻሜውን ያያል፤ ሁለተኛው አሁን ያለውን ሁኔታ ያያል። ተማሪዎች ሁለቱን ቀላቅለው «እስከማይወርድ ድረስ» ሲሉ ይሰማሉ፤ በመደበኛ ጽሑፍ አትጠቀሙበት።

ስለ ወሰንም አንድ ነገር መታወስ አለበት። «ከ60 ዲግሪ በላይ ከሆነ አስነሣ፤ ከ60 ዲግሪ በታች ከሆነ አቁም» የሚለው ትእዛዝ ለ60 ለራሱ መልስ የለውም። «ከ60 በላይ» 60ን አይጨምርም፤ «ከ60 በታች»ም አይጨምረውም። «60 ወይም ከዚያ በላይ» ተብሎ ሲጻፍ ቀዳዳው ይደፈናል። በሕግና በውል ጽሑፎች ውስጥ ክርክር ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ነው፤ «ከ18 ዓመት በላይ» የተባለበትን ቦታ ሁሉ በዚህ ዓይን ተመልከቱት።

ሐ. ድርሰት

የአሠራር መመሪያ ስትጽፉ የምትጽፉት በቦታው ለማይገኝ ሰው ነው። የሚከተለው መመሪያ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል እንበል፦

«ኮምፒዩተሩ ሲሞቅ ማራገቢያው ይጨመር። ሲቀዘቅዝ ይቀነስ። ችግር ካለ ይነገር።»

የፊደል ስሕተት የለበትም፤ ሰዋስውም አልተጣሰም። ይሁን እንጂ ማንንም አይረዳም። ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው «ሞቀ» የሚባለው? የሚጨምረው ማን ነው? «ይነገር» ሲባል ተናጋሪው ማን፣ ሰሚውስ ማን? ባለቤቱ የተሰወረ ትእዛዝ ለሁሉም የተሰጠ ይመስላል፤ ሲፈጸም ግን አይታይም። በመመሪያ ውስጥ «ይደረግ» ከማለት ይልቅ አድራጊውን መጥራት ይሻላል።

ቁጥርም ከነመለኪያው መጻፍ አለበት። ሊነክስ ሙቀትን የሚመዘግበው በዲግሪ ሺኛ ስለሆነ 55 ዲግሪን 55000 ብሎ ያሳያል። ይህን የማያውቅ አንባቢ ቁጥሩን ብቻውን ቢያገኘው በጣም ይደነግጣል።

መመሪያው ተሻሽሎ ሲጻፍ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

«ተረኛው ተማሪ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሙቀቱን መጠን በዲግሪ፣ የማራገቢያውን ፍጥነት በደቂቃ ዙር በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ሙቀቱ 80 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ተጠቃሚው ጽሑፉን ወዲያውኑ ያስቀምጥ፤ ሙቀቱ 65 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስም አዲስ ሥራ አይጀምር። ሙቀቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካልወረደ፣ ወይም ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ የማራገቢያው ፍጥነት 0 ሆኖ ከታየ፣ ተረኛው ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ዘግቶ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ይጥራ። ኃላፊው አቧራውን በሚያጸዳበት ጊዜ ገመዱ ከሶኬቱ የተነቀለ ይሁን፤ የማራገቢያውንም ክንፍ በጣቱ ይዞ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረግ።»

«ከ40 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሳለ» የሚለው ሐረግ ለምን እንደ ገባ አስተውሉ። ከ40 በታች ማራገቢያው የሚቆመው ታዝዞ ነው። ሐረጉ ባይገባ ኖሮ ተረኛው በየማለዳው ጤነኛውን ኮምፒዩተር ዘግቶ ኃላፊውን በጠራ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ በከንቱ የተጠራ ኃላፊ ደግሞ በአራተኛው ላይመጣ ይችላል።

መ. መልመጃ

1. ከዚህ በታች በተሰጠው ደንብ መሠረት ሙቀቱ 46 ዲግሪ ሲሆን፣ ቀጥሎም 64 ዲግሪ ሲሆን የሚሰጠውን ቁጥር አስሉ፦ 40 ዲግሪ ላይ 100፣ 70 ዲግሪ ላይ 255። መልሱን በቁጥር ብቻ ሳይሆን «ሙቀቱ ... ሲሆን» ብላችሁ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

2. «ማራገቢያው ቆመ። ሙቀቱ ጨመረ። ኮምፒዩተሩ ጠፋ። ድርሰቱ አልተቀመጠም ነበር።» እነዚህን አራት ዐረፍተ ነገሮች በመጀመሪያ «ከ»ን፣ በሁለተኛ ደረጃ «ቢ ... ኖሮ»ን በመጠቀም ወደ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር አጠቃልሉ። በሁለቱ መካከል ያለውን የትርጉም ልዩነት ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።

3. በቤታችሁ ካለ ሥራ አንዱን ምረጡ፤ ጠላ መጥመቅ፣ እንጀራ መጋገር ወይም ምርት ማዝራት ሊሆን ይችላል። እናታችሁን ወይም አባታችሁን «መቼ ትጀምራላችሁ? መቼ ታቆማላችሁ? ባይሆንስ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰጧችሁን መልስ ሥራውን አይቶ ለማያውቅ ሰው እንደሚጻፍ መመሪያ አድርጋችሁ ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ አቅርቡ። «እስኪ ... ድረስ» ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይግባበት።

4. በክፍል ሐ የተሻሻለው መመሪያ አሁንም አንድ ጎደሎ አለው፤ ኃላፊው ባይገኝ ተረኛው ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። የጎደለውን ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ «ካልተገኘ»፣ «ባይገኝ» ወይም «ሳይገኝ ሲቀር» ከሚሉት አንዱን የመረጣችሁበትንም ምክንያት ከሥሩ አስፍሩ።